ጓሯችን በብሎኬት የታጠረ ጊዜ

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ሰው በር ላይ ቆሜ ነው። ለማኝ ሆኜ አይደለም፤ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነበርኩ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ያላንኳኳሁት የቆርቆሮ በር፣ ያላባረረኝ ውሻ የለም። "ማነው?" ይላል ከውስጥ ያለው ሰው። "ቆጣሪ!" እላለሁ። ወዲያው ቤቱ ጸጥ ይላል፤ ሬድዮው ሳይቀር ትንፋሹን ይውጣል። የመስኮቱ መጋረጃ ይንቀሳቀሳል፣ በሩ ግን አይንቀሳቀስም። ጡረታ የወጣሁ ዕለት ደስ ያለኝ ስለ ዕረፍቱ አልነበረም። ከእንግዲህ የብረት በር አላንኳኳም ብዬ ነው።

ባለቤቴ የሻረግ ደግሞ አዋላጅ ነርስ ነበረች። የከተማው ግማሽ ሰው የመጣው በእሷ እጅ ነው። መንገድ ላይ ሸበቶ ጎልማሳ አስቁማ፣ "አንተ እኮ በእግርህ ነው የመጣኸው! እናትህን አሳሯን ነው ያበላሃት!" ትለዋለች። ሰውየውም ባርኔጣውን አውልቆ ይቅርታ ይጠይቃል። ምን ያድርግ? ልካድ እንዳይል ምስክሯ ራሷ ናት።

ሁለታችንም ጡረታ ስንወጣ የቀረን ነገር ጓሯችን ነበር። ቤታችን ከተማው አልቆ መሬቱ ቁልቁል መውረድ በሚጀምርበት ጫፍ ላይ ነው። አፈሩ ምርኩዝህን ተክለህ ብትረሳው የሚያቆጠቁጥ ዓይነት ነው። እኔ ተክሉ ሁሉ እንደ መብራት ምሰሶ በመስመር እንዲቆም ፈልጌ ነበር። የሻረግ ግን እጇ ላይ ችግኝ ይዛ የቆመችበት ቦታ ሁሉ የመትከያ ቦታ ነው። ስለዚህ ማንጎው አቮካዶውን ተደግፎ፣ ቡናው ከማንጎው ሥር ተጠልሎ፣ ጌሾው ከሎሚው ጋር ተጠላልፎ፣ ሙዙ፣ ዘይቱኑ፣ ሸንኮራው፣ ኮባው፣ ሁሉም እንደ ገበያ ሰው ተጋፍቶ ይኖራል። ስሟ "የሺ ሐረግ" ማለት ነው፤ አባቷ ስም ሲያወጡ ይህን ጓሮ በሕልማቸው አይተውት መሆን አለበት።

ጓሮ ያለው ሰው አንድ ነገር ያውቃል። ፍሬ ብቻህን በልተህ አትጨርሰውም። በተለይ አቮካዶ። አቮካዶ እንደ ሰርግ ዘመድ ነው፤ ወይ ማንም አይመጣም፣ ወይ ሁሉም አንድ ቀን ይመጣል። ዛሬ ድንጋይ ሆኖ ያድራል፣ ነገ ሁሉም በስሎ "ብሉኝ!" ይልሃል። ስለዚህ ጓሯችን የጎረቤትም ነበር። አጥራችን ቅንጭብ ነው፤ በአንድ በኩል ማን እንደከፈተው የማይታወቅ ሽንቁር ነበረው። ጉንፋን የያዘው ለሎሚ፣ ጠላ የሚጠነስስ ለጌሾ፣ ዳቦ የሚጋግር ለኮባ ቅጠል፣ ጨጓራው የሚነደው ለፓፓያ በዚያ ይገባል። ከሁሉም አስቀድመው የሚመጡት ግን ጎረቤታችን እማማ ስመኝ ናቸው። እሳቸው በየማለዳው ይገባሉ፤ ምንም አይወስዱም። "እንዴት አደራችሁ?" ብለው፣ ማደራችንን በዓይናቸው አረጋግጠው፣ ዘይቱኑን "ዘንድሮስ ሰነፈ" ብለው ሰድበው ይመለሳሉ።

እንዲህ በሰላም ስንኖር ልጃችን ዳኛቸው ለፋሲካ ከአዲስ አበባ መጣ። ዳኛቸው ኢንሹራንስ ውስጥ ነው የሚሠራው። ሥራው ገና ያልደረሰ አደጋ መፍራት ነው፤ ለዚህም ደመወዝ ይከፈለዋል። ጠዋት በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ሳለ አንድ ሰው በሽንቁሩ ገባ፣ ሎሚ ቀጠፈ፣ "ጋሼ ተኝተዋል? ተዋቸው፣ አትቀስቅሳቸው" ብሎት ወጣ። ልጄ ሮጦ መጥቶ ከአልጋዬ ላይ ነቀነቀኝ።

"አባዬ! ሌባ!"

"ምን ወሰደ?"

"ሎሚ!"

"መልኩ እንዴት ያለ ነው?"

"አጭር፣ ጋቢ የለበሰ።"

"እሱ ሌባ አይደለም፤ ሚስቱ ጉንፋን ይዟታል" ብዬ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

"ታዲያ ሳይጠይቅ ይወስዳል እንዴ?"

"እኔ ተኝቼ ማንን ይጠይቅ?"

ዳኛቸው በዚህ መልስ አልረካም። በዓሉን ሙሉ ጓሮውን እየዞረ፣ ቅንጭቡን በጣቱ እየነካ፣ "ዘመኑ ክፉ ነው፤ እናንተ ደግሞ አርጅታችኋል" ሲል ከረመ። የሻረግ፣ "ያረጀው አባትህ ነው፣ እኔን ለብቻ ቁጠረኝ" አለችው። በነገሩ ስቀን ሸኘነው። እሱ ግን አልሳቀም ነበር።

ከዚያ እኛ ለየሻረግ እህት ልጅ ሰርግ ቡሬ ሄድን። ሰርጉ ቅልቅሉም መልሱም የማያልቅ ነበርና በደንብ ሰነበትን። ስንመለስ ከመናኸሪያው ባጃጅ ያዝን። ባለ ባጃጁ አንድ ትልቅ የብረት በር ያለው ግቢ ፊት አቆመን።

"ተሳስተሃል የኔ ልጅ" አልኩት፤ "የእኛ ቤት ከዚህ ቀጥሎ ነው።"

"ጋሼ፣ ከዚህ ቀጥሎማ ገደል ነው።"

ቀና ብዬ አየሁ። ከሰው ቁመት በላይ የሆነ የብሎኬት አጥር። አናቱ ላይ ፀሐይ ላይ የሚያብለጨልጭ የጠርሙስ ስባሪ። በሩ ላይ ሁለት የብረት አንበሶች፣ በወርቅማ ቀለም ተቀብተው፣ ምላሳቸውን አውጥተው ያዩናል። ከአጥሩ በላይ የአቮካዷችን አናት ብቻ፣ ጠያቂ እንደሚጠብቅ እስረኛ አንገቱን አስግጎ ይታያል። በዚህ ቅጽበት ስልኬ ጮኸ።

"ሰርፕራይዝ!" አለኝ ዳኛቸው።

ግንበኛ ቀጥሮ፣ ብረት በያጅ ቀጥሮ፣ እኛ ቡሬ እስክስታ ስንወርድ አሳጥሮን ኖሯል። ቁልፉም ሰፈራችን ሱቅ ተቀምጦልን ነበር። የሻረግ አንበሶቹን አንድ በአንድ አየቻቸውና፣ "ውስጥ ያለው ዘይቱን፣ ውጭ የሚጠብቀው አንበሳ። ሳንሞት መቃብር ቤት ሠራልን እኮ!" አለች። ያኔውኑ ማፍረስ ነበረብን። ግን ልጅ የሰጠውን ስጦታ እንዴት ትመልሳለህ? ሸሚዝ ቢሆን "ጠበበኝ" ይባላል። አጥር ጠበበኝ ማለት ይቻላል እንዴ?

በማግሥቱ እማማ ስመኝ እንደ ልማዳቸው በሽንቁሩ ሊገቡ መጥተው ከብሎኬቱ ጋር ግንባር ለግንባር ተገናኙ። ዞረው ወደ በሩ ሄዱ። በምርኩዛቸው አንኳኩ። እኛ ደግሞ ታች ሙዙ ዘንድ ነን፤ ጓሮው ረጅም ነው፣ የኔም ጆሮ እንደ ዱሮው አይደለም። አልሰማንም። ከዚያ ወዲያ አልመጡም። መንገድ ላይ ሳገኛቸው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው፣

"እንኳን ደስ ያላችሁ። አንበሶቻችሁ ደህና ናቸው?" አሉኝ።

"እማማ፣ ልጁ ነው እኮ..."

"አይ፣ ደግ አደረጋችሁ። እንደኛ ያለው ወሮበላ በዝቷል" ብለውኝ አለፉ። ከዚያ ይልቅ በምርኩዛቸው ቢመቱኝ እመርጥ ነበር።

እሳቸው ሲቀሩ ሌላውም ቀረ። ሰው ሎሚ ከገበያ መግዛት ጀመረ። አቮካዶው ግን ስለ አጥሩ የነገረው የለምና እንደ ልማዱ ሁሉም አንድ ቀን ደረሰ። ጓሮው ውስጥ ቧ፣ ቧ ይላል። የሌሊት ወፍ በላ፣ ጉንዳን በላ፣ እኛ በላን፤ ፊታችን አረንጓዴ እስኪመስል በላን። በመጨረሻ የሻረግ "ሰው ካልመጣ እኛ እንሂድለት" አለችና ጋሪ ላይ ጫነችልኝ። እነሆ እኔ፣ በስተርጅና፣ እንደገና የሰው በር ማንኳኳት ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ቤት ገና ሳንኳኳ ከውስጥ ጸጥ አለ። መጋረጃው ተንቀሳቀሰ። የማንኳኳቴን ድምፅ አውቀውታል።

"ባለፈው ወር ከፍለናል!" አለች አንዲት ሴት።

"አቮካዶ ነው!"

"አቮካዶም ከፍለናል!"

ሁለተኛው ቤት በሩ ተከፈተ፤ የወጣው ግን ውሻው ነው። ጡረታ መውጣቴን ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ፣ ለውሾቹ ግን የነገራቸው የለም። አሮጌ ጠላቴ ነበር፤ እሱም አርጅቷል፣ ጥርሱም አልቋል፤ ቢሆንም የድሮውን ቂም በቀረችው ጥርስ ሱሪዬ ላይ ተወጣው። ጋሪውን ገልብጬ ሮጥኩ። ያን ዕለት የዚያ ሰፈር ሕዝብ አቮካዶ ከመንገድ ላይ እየለቀመ፣ "ቆጣሪው አእምሮው ተነካ" እያለ አዝኖልኛል።

ይህ ሁሉ ያስቃል። የማያስቀው ቀጥሎ የመጣው ነው። አንድ ጠዋት የሻረግ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ እኔ ብቻዬን ሸንኮራ ውኃ ላጠጣ ወረድኩ። ቦዩ ጠርዝ ላይ እግሬ ተንሸራተተና ወደቅኩ፤ ቁርጭምጭሚቴ ተጠመዘዘ፣ መነሣት አቃተኝ። "የሰው ያለህ!" ብዬ ጮኽኩ። ጩኸቴ ብሎኬቱን መትቶ ወደ እኔው ተመለሰ። ደግሜ ጮኽኩ። ከብዙ ቆይታ በኋላ በሩ ተንኳኳ።

"ደህና ናችሁ ወይ?" አለ አንድ መንገደኛ።

"አይደለሁም!"

"እንግዲያስ ክፈቱልኝ!"

"መነሣት አልቻልኩም!"

"ካልከፈታችሁማ በምን ልግባ?"

እውነቱን ነው፤ በምን ይግባ? ትንሽ ተከራከርን። አንበሶቹን ሞከራቸው መሰለኝ ብረቱ ተንጓጓ። ከዚያ "እግዜር ይማርዎ!" ብሎኝ ሄደ። እኔ ጭቃ ላይ ጋደም ብዬ እማማ ስመኝን አሰብኩ። በድሮው ጊዜ ቢሆን ኖሮ ይህን ጊዜ መጥተው፣ ዘይቱኑን ሰድበው፣ እኔንም አንሥተውኝ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራሁ። ሌባ አይደለም የፈራሁት፤ እዚያው ሸንኮራ ሥር ሞቼ ሳልታይ መቅረትን ነው። የሻረግ ከቅዳሴ ስትመለስ ከሙዙ ጋር ሳወራ አገኘችኝ። እግሬን አሻሽታ አሰረችልኝ፤ አንድም ቃል አልተናገረችም። የሻረግ ዝም ስትል ነገር አለ። ምጥ ሲጠና ዝም ነው የምትለው።

ነገሩ የፈነዳው ለደብራችን ንግሥ ዋዜማ ነው። የሰንበቴው ዳቦ ከድሮም በኛ ኮባ ነው የሚጋገር። ቅር ቢላቸውም ቅጠል ከየት ያምጡ? የሰንበቴው ሴቶች ተሰብስበው መጡ። እማማ ስመኝም ከኋላ ነበሩ። መሪጌታ ይባቤም፣ ቅኔ ሲያስተምሩ ውለው ወደ ማኅሌት ሲሄዱ፣ ግርግሩን አይተው ቆሙ። ይህን ጊዜ በሩን በደንብ እየጠበቅን ነበርና ሰምተን ሮጥን። እኔ አነክሳለሁ። ቁልፉን ከተትኩ፣ አዞርኩ። አልዞር አለ። በሁለት እጄ አዞርኩት። ቀጭ አለ። ግማሹ እጄ ላይ፣ ግማሹ አንበሳው ሆድ ውስጥ ቀረ።

"ምን ሆናችሁ?" አሉ ከውጭ።

"ቁልፉ ተሰበረ!"

"ከፈለጋችሁ እኮ እንሄዳለን፤ ሰበብ አያስፈልግም" አሉ እማማ ስመኝ።

"በአጥሩ ላይ እናቀብላችኋለን!" ብዬ መሰላል አቆምኩ። የሻረግ ኮባውን ትቆርጣለች፣ እኔ ወጥቼ እወረውራለሁ። ቅጠሉ ግን የጠርሙሱ ስባሪ ላይ እያረፈ እንደ ሪባን ተተልትሎ ወደቀ። ሴቶቹ ከታች ጥብጣቡን ይዘው ተያዩ። በዚህ ዳቦ አይጠቀለልም፤ ጠጉር ይጎነጎንበት ካልሆነ። እኔም እየተንጠራራሁ ሳለ ጋቢዬ ስባሪው ላይ ተጠለፈ። መውጣትም መውረድም አቃተኝ። የከተማው ሰው ከታች ቆሞ ያየኛል፤ አንበሶቹና እኔ ሦስት ሆንን።

መሪጌታ ቀና ብለው አዩኝ። ጢማቸውን ዳሰስ አደረጉና፣ እንደ ዋዛ፣

"አይ ወዳጄ! ጓሮህን ስታጥር፣ እጅህ አጠረ" አሉ።

ሰሙን ሕዝቡ ሳቀበት። ወርቁ እኔን ወጋኝ። የሻረግም ሰማች። ከታች እማማ ስመኝ "በሉ እንሂድ፣ ባለ አንበሶቹን አናስቸግር" ሲሉ ደግሞ ሰማች። ዞር ብዬ ሳይ ቢላዋውን ጥላ፣ ከዕቃ ቤት ድጅኖ ይዛ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሥራ ትመጣለች።

"የሻረግ! ምን ልትሆኚ ነው?"

"በሩ እምቢ ሲል በጎን ነው የሚወጣው። ስንቱን ሳወጣ ኖሬ ይኼ ያቅተኛል?"

"ልጅሽ ምን ይላል?"

"ልጄን እኔ ወለድኩት እንጂ እሱ አልወለደኝም!" አለችና ብሎኬቱን በድጅኖ ደለቀችው።

የድሮው ሽንቁር የነበረበትን ቦታ አልሳተችም። ጡረተኛ ሴት ናት፤ ግን ለምጥ የተሠራ ክንድ ጡረታ አይወጣም። ሦስተኛውን ይሁን አራተኛውን ስትመታ ከውጭ በኩል መልስ ተሰማ፤ ዷ! ዷ! የሚል። እማማ ስመኝ ድንጋይ አንሥተው ከወዲያ እየመቱ ነው። ሌሎቹ ሴቶችም አገዟቸው። ግንበኛው ሲሚንቶውን ቆጥቦ አሸዋውን ለግሶ ኖሮ ግድግዳው ብዙ አልተከራከረም። አንድ ብሎኬት ወጣ፣ ሁለተኛው ተከተለ፣ ከዚያ የታችኛው ክፍል ሁሉ ወረደ፤ አናቱ ግን ተንጠልጥሎ ቀረ። እኔም በንቅናቄው ጋቢዬ ተቀዶ ከነመሰላሌ ወረድኩ፤ ደግነቱ የወደቅኩት ኮባው ላይ ነው። አቧራው ሲበርድ እማማ ስመኝ በቀዳዳው ብቅ አሉ። ነጠላቸው በሲሚንቶ አቧራ ግራጫ ሆኗል። እኔን መሬት ላይ፣ የሻረግን ድጅኖ ተደግፋ አዩና፣

"እንዴት ከረማችሁ?" አሉ።

የሻረግ አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እሳቸው ግን ከትከሻዋ በላይ ዘይቱኑን እያዩ፣ "አሁንም አልጠነከረ" አሉ። ሴቶቹ ገብተው ኮባውን ቆረጡ፤ ሲወጡ ሎሚውንም፣ ፓፓያውንም፣ የቀረውንም አቮካዶ ጠራርገው ወሰዱ። እንደዚያ ቀን ተዘርፈን፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎን አናውቅም። የሰንበቴው ዳቦም እንደ ጨረቃ ክብ ሆኖ ወጣ።

በዚህ ዘመን ግን ምን ይደበቃል? አንዱ ወጣት በስልኩ ቀርጾን ኖሮ፣ ዳኛቸው እናቱን በድጅኖ አጥር ስታፈርስ አዲስ አበባ ሆኖ አየ። በንግሡ ማግሥት መጣ። በሩ አልከፈት ሲለው ዞሮ ቀዳዳውን አገኘና በዚያው ገባ። ፊቱ ጠቁሯል።

"እኔ ለእናንተ ብዬ ነው! እዚያ ሆኜ ስለ እናንተ ሳስብ እንቅልፍ የለኝም። አንድ ነገር ብትሆኑስ?"

"ሆነናል" አለች የሻረግ። "አባትህ ወድቆ ነበር።" የሸንኮራውን ነገር፣ የመንገደኛውን ነገር፣ ሁሉንም ነገረችው።

ልጄ ጎንበስ ብሎ እግሬን አየ። "ለምን አልነገራችሁኝም?"

"ብንነግርህ በላያችን ላይ ጣሪያ ታሠራብን ነበር" አልኩት።

"አባዬ፣ ቀልድ አይደለም!"

"እኔም አልቀለድኩም። ልጄ፣ መፍራትህ ይገባኛል፤ ስለምትወደን ነው። ግን ፍርሃትህን እኛ ጓሮ አትትከልብን። አፈሩ ለም ነው፣ ይበቅላል።"

"ቢያንስ ዛሬ ይደፈን፤ ስለ ሌላው እንነጋገራለን።"

"እንካ፣ ራስህ ድፈነው" አለች እናቱ፤ እጇን ወደ ተከመረው ብሎኬት ዘርግታ። "እኔ አላግዝህም፣ አልከለክልህምም። ነገ ግን ድጅኖው እዚያው ነው።"

ዳኛቸው እልኸኛ ነው፤ የማን ልጅ ሆኖ! ኮቱን አውልቆ አንድ ብሎኬት አነሣ። ቀዳዳው አፍ ላይ ሲደርስ ግን ከወዲያ በኩል እማማ ስመኝ፣ የንግሡን ዳቦ በሰፌድ ይዘው እየገቡ ነበር። እሱ ብሎኬት፣ እሳቸው ዳቦ ይዘው ፊት ለፊት ተፋጠጡ። እማማ ስመኝ አንድ እግራቸውን ፍርስራሹ ላይ ሰቅለው ሌላውን ማምጣት አቅቷቸው ተንገዳገዱ። ልጄ ብሎኬቱን ወርውሮ በክንዳቸው ያዛቸው፤ ቀስ ብሎ አሻገራቸው።

"ተባረክ" አሉት። "ዳቦው የንግሥ ነው፤ ቁጭ በል።"

ተቀመጠ። በላ። ስለ መድፈን ያን ቀን አልተነሣም። በማግሥቱ አንድ ጆንያ ማንጎ ለመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ተሸክሞ በቀዳዳው ወጣ፤ ሲወጣም አናቱን ላይኛው ብሎኬት መታውና አማረረ።

አንበሶቹ እስከ ዛሬ እንደተቆለፉ ናቸው። የሻረግ ከሥራቸው ዱባ ዘርታ አንደኛው ፊቱ በቅጠል ተሸፍኗል፤ ሁለተኛው ላይ ደግሞ ዱባ አፍርቶ ተንጠልጥሏል። እማማ ስመኝ በየማለዳው ይመጣሉ። ግንበኛውም ሥራውን ሊያይ መጥቶ በእኛ አቮካዶ ዳቦውን ቀብቶ በልቶ፣ የቀዳዳውን ጠርዝ በሲሚንቶ አለሳልሶልን ሄዷል።

ዳኛቸው ግን አሁንም ቅሬታ አልለቀቀውም። ባለፈው ሰሞን ደውሎ፣ "እሺ፣ ቀዳዳውስ ይሁን፤ ግን ትንሽ ከፍ አድርጉት፤ ቆሜ ማለፍ ልቻል" አለኝ።

የሻረግን አየኋት። ችግኝ እየተከለች ነበር፤ ቀና ሳትል ራሷን ነቀነቀች።

"አናደርገውም" አልኩት። "ጎንበስ ብለህ ግባ!"